ስኩባ ባሕር ዳር ላይ መጀመር፦ የዝግጅት ሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፦ ውሃ መምረጥ

ዕቅዱ ጥር ላይ ዛንዚባር ሄዶ የኦፕን ዋተር ኮርስ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ የመጥለቅ (የስኩባ) የጀማሪ ኮርስ መውሰድ ነው። ኮርሱ በተለምዶ ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል። ዋጋው እንደ ማዕከሉ ይለያያል፤ ከ400 እስከ 600 የአሜሪካ ዶላር መያዝ ይበጃል። ያንን ጊዜ ፊትን ውሃ በማስለመድ መጨረስ ብክነት ነው፤ ከዚያ የሚከፋው ደግሞ በጥድፊያ የተማረ ሰው ባሕር ውስጥ ሲገባም መቸኮሉ ነው። ስለዚህ ያለ ሲሊንደር ሊሠራ የሚችለው ሁሉ እዚሁ እንዲያልቅ ተወስኗል።

«ጣና እያለ ገንዳ ለምን?» ሁሉም ተለማማጅ ይጠይቃል። ውሃው አያሳይም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምቱን ሙሉ አፈር ያወርዳሉ። የሐይቁ ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ደለሉ ከወለሉ ይቀሰቀሳል፤ በጋ ሲገባም ሳይጠራ ይቆያል። ጀማሪ ሲደናገጥ መጀመሪያ የሚያስታውቀው ዓይኑ ነው። አሠልጣኝ ያንን ዓይን ማየት በማይችልበት ውሃ ውስጥ ጀማሪ አይገባም።

በዚያ ላይ ቢልሃርዝያ የሚባለው የትል በሽታ አለ። ትሉ የሚወጣው ከቀንድ አውጣ ነው፤ ቀንድ አውጣው የሚኖረው ደግሞ ዳር ላይ፣ ሣርና ደንገል ባለበት፣ ሰው ወደ ውሃ በሚገባበት ቦታ ነው። ቆዳ ለመብሳት ደቂቃዎች ይበቁታል። ሐይቅ ውስጥ ገብቶ የነበረ ተለማማጅ ምርመራውን በማግስቱ ቢያደርግ ምንም አይታይም፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጠብቆ መመርመር፣ ከተገኘበት በሐኪም ትእዛዝ ፕራዚኳንቴል መውሰድ አለበት። ዕቃ ለማጠብም የሐይቅ ውሃ በቀጥታ አንጠቀምም። ሮቶ ውስጥ ሁለት ቀን ያደረ ውሃ ይበቃል፤ ትሉ ቀንድ አውጣ ከሌለበት ውሃ ውስጥ ከዚያ በላይ አይቆይም።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። እምቦጭ በያዘው ዳርቻ ደግሞ ከላይ ምንጣፍ የሚመስለው ነገር ከሥሩ የተጠላለፈ ሥር ነው፤ ከታች የገባ ሰው ቀና ብሎ መውጫ አያገኝም። ስለዚህ ሥራው በሙሉ የሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው።

ገንዳ ሲመረጥ አንድ ደንብ ይዘናል፦ ከዳር ቆሞ ጥልቁ ጫፍ ላይ ያለው የውሃ መውረጃ ወንፊት በግልጽ ካልታየ በዚያ ቀን ማንም አይገባም። ክሎሪን ተደረገበት ተባለም አልተባለም።

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ዋና

ኮርሱ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንዱ 200 ሜትር ያለ ማቋረጥ መዋኘት ነው፤ በማንኛውም ስልት፣ ያለ ሰዓት ገደብ። (ዓይንና አፍንጫን በሚሸፍነው ማስክ፣ እግር ላይ በሚጠለቀው መቅዘፊያ በፊንና በአፍ በሚያዘው መተንፈሻ ቱቦ በስኖርክል ከሆነ 300 ሜትር ነው።) ሌላው ምንም ሳይዙ 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መቆየት ነው።

የሆቴል ገንዳ 25 ሜትር ነው ብሎ መገመት አይገባም፣ በሜትር መለካት ነው። የእኛው 18 ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። ዝቅተኛው ጫፍ 1.1፣ ጥልቁ 2.4 ሜትር ነው። ስለዚህ 200 ሜትር ማለት እዚህ ከጫፍ ጫፍ 12 ጊዜ ነው።

ከተለማማጆቹ አብዛኞቹ የሚወድቁት 200 ሜትሩ ላይ ሳይሆን 10 ደቂቃው ላይ ነው። ቀጭን ወንድ እግሩ ይሰምጣል፣ እግሩን ለማንሳት ይፍጨረጨራል፣ ትንፋሹ ያልቃል። መፍትሔው ጉልበት አይደለም። እጅን ከራስ በላይ ዘርግቶ መተኛት ክብደቱን ወደ ሳንባ አቅጣጫ ስለሚያመጣው እግር ቀስ ብሎ ይነሳል። ሳንባን ሞልቶ መያዝ፣ በፍጥነት አውጥቶ ወዲያው መሙላት። ከዚያም ጆሮ ውሃ ውስጥ እስኪገባ አንገትን ማላላት። ጭንቅላቱን ከውሃ ለማውጣት የሚታገል ሰው ወገቡ ይወርዳል።

እዚህ ያለፈ እዚያ አይወድቅም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ የገንዳው ውሃም ጨው ስለሌለው እንደ ባሕር አያንሳፍፍም።

ጥቅምት አጋማሽ፦ ማስክ እና ሳፋ

ከዕቃ ሁሉ ቀድሞ መገዛት ያለበት ማስክ ነው፤ አሁን መገዛት ያለበትም እሱ ብቻ ነው። ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር የሚሰጠው የአፍ መተንፈሻ)፣ ቢሲዲ (አየር የሚነፋበት መንሳፈፊያ ጃኬት) እና ዌትሱት (ከብርድ የሚከላከል የመጥለቂያ ልብስ) አብዛኛውን ጊዜ በኮርሱ ዋጋ ውስጥ ይካተታሉ። ፊት ግን የእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ነው።

ሲመረጥ ላስቲኩ ወደ ፊት ይታጠፍና ማስኩ ፊት ላይ በስሱ ይደረጋል፣ በአፍንጫ ትንሽ ይሳባል፣ እጅ ይለቀቃል። ሳይወድቅ ከቆየ ልኩ ነው። ጠርዙ ሲሊኮን ይሁን፤ ገበያ ላይ የሚገኘው ርካሽ ፕላስቲክ ጠርዝ ሲደርቅ ይጠነክርና ግንባር ላይ ያፈሳል። አፍንጫን የማይሸፍን የዋና መነጽር ለጥልቀት አይሆንም፤ ውስጡ ያለውን ግፊት ማመጣጠን ስለማይቻል ዓይንን ይመጥጣል። ማስክ ግን በአፍንጫ ትንሽ አየር ሲነፋበት ይስተካከላል።

አዲስ ማስክ ያለማቋረጥ ጉም ይይዛል፤ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ስስ ሲሊኮን ስላለ ነው። ጄል ያልሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና ውስጡን በጣት አሽቶ ማጠብ፣ ደጋግሞ። ከዚያ በኋላ ከመግባት በፊት ምራቅ ወይም አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ይበቃል።

የሚያፈስበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ማስኩ አይደለም። ከጠርዙ ሥር የገባ ፀጉር ነው፤ ወይም ላስቲኩ በጣም መጥበቁ። ብዙ ሰው ሲያፈስበት ያጠብቀዋል፤ የጠበቀ ጠርዝ ደግሞ ይጨማደዳል፣ የባሰ ያፈሳል። ወፍራም ሹሩባ የተሠራች ተለማማጅ ላስቲኩ እየተንሸራተተ ሲያስቸግራት ሹሩባውን ዝቅ አድርጋ ማጅራቷ ላይ ብታስር፣ ላስቲኩንም ከጉብታው በላይ ብታሳርፈው ይረጋል። ጺም ያለው ሰው ከአፍንጫው ሥር ያለችውን ጠባብ መስመር ብቻ ቢላጭ በቂ ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ልምምድ ይኸኛው ነው፣ ቤት ውስጥም ይሠራል። አንድ ሰፊ ሳፋ ለብ ባለ ውሃ ይሞላል። ማስክ የለም፣ ስኖርክል ብቻ። ፊት እስከ ጆሮ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫ ክፍት ነው፣ መተንፈስ በአፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው በአፍንጫው ሊስብ ይሞክራል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ቀና ይላል። ዘዴው በአፍ ሳብ፣ በአፍንጫ ቀስ ብሎ አረፋ ማውጣት ነው፤ አፍንጫው እያወጣ እያለ ውሃ አይገባም። ሲለምድ በአፍ ስቦ በአፍ ማውጣት፣ አፍንጫውን ዝም ማሰኘት። ሁለት ደቂቃ ተረጋግቶ መቆየት የቻለ ሰው ማስኩ ባሕር ውስጥ ቢወልቅበት ወደ ላይ አይፈተለክም። የማስክ ልምምድ ሁሉ ዓላማ እሱ ነው።

ከሳፋው በኋላ ገንዳ ውስጥ ውሃ የገባበትን ማስክ ማጽዳት፦ የፍሬሙን የላይኛውን ጠርዝ በጣቶች ግንባር ላይ መጫን፣ በአፍ መሳብ፣ ቀና እያሉ በአፍንጫ ረዘም አድርጎ መንፋት። አየሩ ከላይ ይሞላል፣ ውሃው ከታች ይወጣል። የማይወጣላቸው ሰዎች አንድም በአፍ እየነፉ ነው፣ አንድም ወደ ታች እያዩ ነው።

ህዳር፦ ስኖርክል፣ ጆሮ፣ ክብደት

የስኖርክል ቱቦ ከ40 ሳንቲሜትር ገደማ አይበልጥም። በኮንዲዊት ወይም በውሃ ጎማ አስረዝሞ ገንዳው ሥር ቁጭ ብሎ መተንፈስ ይቻላል የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። አይቻልም፣ አደገኛም ነው። 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃው ደረትን በ0.1 ባር ይጫናል፣ የደረት ጡንቻ ያንን እየገፋ መሳቡን ሊቀጥል አይችልም። ረጅም ቱቦ ደግሞ የወጣውን አየር ያስቀራል፣ ሰውዬው የራሱን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ይስባል። ሬጉሌተር የተሠራው ለዚህ ነው፦ አየሩን በዙሪያው ባለው ውሃ ግፊት ልክ አድርጎ ይሰጣል።

ፊን ሲመታ ጉልበት አይታጠፍም፣ ምቱ ከዳሌ ይጀምራል። ብስክሌት እንደሚጋልብ የሚመታ ሰው ብዙ ይለፋል፣ ቦታውን ግን አይለቅም። ባት ሲኮማተር የፊኑን ጫፍ ይዞ ወደ ራስ መሳብ፣ ጉልበትን መዘርጋት።

ጆሮ ከሁሉም ትዕግሥት ይፈልጋል። አፍንጫን ይዞ፣ አፍን ዘግቶ፣ በቀስታ መንፋት፤ ሁለቱም ጆሮ «ጧ» ሲል ተመጣጥኗል። ሕመም ሳይመጣ በፊት፣ ገና ውሃው ላይ እያሉ ይጀመራል፣ ከዚያ በየግማሽ ሜትሩ። ገንዳው መሰላል ስላለው በመሰላሉ በእግር መውረድ ይሻላል። በጭንቅላት መውረድ ለጆሮ ይከብዳል፤ ደም ወደ ራስ ሲወርድ ጆሮን ከአፍንጫ የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ይጠባል። ከተያዘ ግማሽ ሜትር መመለስ፣ እንደገና መሞከር። በኃይል መንፋት የውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱ ላይመለስም ይችላል። ጉንፋን የያዘው ሰው አይገባም። የአፍንጫ ጠብታ አድርጎ መግባትም አይሆንም፤ መድኃኒቱ ታች እያሉ ኃይሉ ሲያልቅ አየሩ ሲወጡ ይታገታል።

ትንፋሽ ይዞ ለመቆየት ብሎ በፍጥነት ደጋግሞ መተንፈስ በእኛ ገንዳ ክልክል ነው። ኦክስጅኑን አይጨምርም፣ የመተንፈስ ፍላጎትን የሚቀሰቅሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ይቀንሳል፤ ሰው ምንም ሳይሰማው ራሱን ይስታል። አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ላይ ሆኖ ያየዋል።

ጠላቂ እንዳይንሳፈፍ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው የእርሳስ ክብደት ስላልተገኘ በፌሮ ሠርተናል። 20 ሚሊ ፌሮ በሜትር 2.47 ኪሎ ስለሚመዝን 20 ሳንቲሜትር ቁራጭ ግማሽ ኪሎ ይሆናል። ጫፉ በሞላ ይሞረዳል፣ የገንዳውን ሴራሚክ እንዳይሰብር በካላማዳሪያ ይጠቀለላል፣ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው የናይለን ማሰሪያ ላይ ይደረደራል። ብረት ውሃ ውስጥ ከክብደቱ 13 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ግማሽ ኪሎዋ 435 ግራም ያህል ሆና ትሠራለች። የቦርሳ ዘለበት አይሆንም፣ በሁለት እጅ ካልተጫነ አይከፈትም። ማሰሪያው በአንድ እጅ ተጎትቶ መውለቅ አለበት፤ የልምምዱም ፍሬ ነገር እሱን ዓይን ጨፍኖ ማውለቅ ነው። የአሮጌ ባትሪ እርሳስ አቅልጦ ማውጣት ተጠቁሞ ነበር፣ አልተሞከረም፤ ጭሱ መርዝ ነው።

የነቢያት ጾም ህዳር 15 ሲገባ የልምምዱ ሰዓት ይለወጣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ባዶ ሆዱን ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበርደዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ከምግብ በኋላ፣ አመሻሹ 11 ሰዓት ላይ ይሻላል።

ታኅሣሥ፦ ሒሳብና ወረቀት

ሲሊንደር አግኝተን አየር ብናስሞላስ? ይህ ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ከ8 እስከ 10 ባር ገደማ ይደርሳል፣ ሲሊንደር የሚሞላው 200 ባር ነው። ግፊቱ ቢገኝ እንኳ አየሩ የዘይት ትነት ይይዛል፣ በሞተር ከሚሠራ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ላይ ራስ ምታት ብቻ የሚሆን መጠን ታች ግፊቱ ሲባዛ ይገድላል። የሆስፒታል ኦክስጅንም መፍትሔ አይደለም፤ ንጹሕ ኦክስጅን ባሕር ውስጥ ከ6 ሜትር በታች የሚያንፈራፍር መርዝ ነው። ሲሊንደር ዛንዚባርን ይጠብቃል።

የጀማሪ የአየር ሒሳብ። የተለመደው አሉሚኒየም ሲሊንደር 11.1 ሊትር ነው፣ በ200 ባር 2,220 ሊትር አየር ይይዛል። 50 ባር ለመጠባበቂያ ሲቀር 1,665 ሊትር ለሥራ ይተርፋል። ጀማሪ በደቂቃ 25 ሊትር ይጠቀማል እንበል፤ 12 ሜትር ላይ ግፊቱ 2.2 ባር ስለሆነ 55 ሊትር ይሆናል። 1,665 ለ55፣ 30 ደቂቃ። በፍርሃት የሚያለከልክ ሰው ከዚያ ግማሹን ብቻ ያገኛል። ሳፋው ላይ የተገኘው እርጋታ እዚህ በደቂቃ ይመነዘራል።

ትንፋሽ አለመያዝ የስኩባ ቀዳሚ ሕግ ነው። 10 ሜትር ላይ ሳንባውን ሞልቶ ሳይተነፍስ የወጣ ሰው አየሩ በእጥፍ ይሰፋል። ገንዳም አያድንም፤ የእኛ 2.4 ሜትር ላይ ከሬጉሌተር የተሳበ አየር ሲወጣ ወደ 29 በመቶ ይሰፋል። እዚህ ከባሕር ወለል ይበልጣል፣ ምክንያቱም ላይ ያለው የአየር ግፊት 0.81 ባር ገደማ ብቻ ነው። ወደፊት ሠልጥኖ ጣና ውስጥ መጥለቅ የሚያስብ ሰው ይህን ቁጥር ይያዝ፦ በየጥልቀቱ የሚፈቀደውን ቆይታ ለሚያሳየው የመጥለቅ ሠንጠረዥ ሲሰላ የጣና 10 ሜትር የባሕር 12 ሜትር ያህል ነው። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ የሚደረግ መጥለቅ ሁሉ የራሱ ሥልጠና አለው።

ኮርሱ የሚጠይቀው የጤና ቅጽ ባሕር ዳር ላይ ይሞላ። አስም፣ ሳይነስ፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ የልብ ችግር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው «አዎ» ብሎ መልሶ ሐኪም ማስፈረም አለበት። እዚያ ደርሶ «አዎ» ማለት ቀን ያስበላል፣ «የለም» ብሎ መዋሸት ደግሞ ነፍስ። የቢጫ ወባ ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ያስፈልጋል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ዛንዚባር የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ታስከፍላለች፣ 44 ዶላር፤ ይህ ግን የጠላቂዎች ኢንሹራንስን አይተካም።

ጥር፦ ዛንዚባር

ከደጋ ወደ ባሕር መውረድ ለናይትሮጅን (ሲጠልቁ ሰውነት ውስጥ ለሚሟሟው፣ ግፊት ቶሎ ሲቀንስ አረፋ ለሚሆነው ጋዝ) ችግር የለውም፣ ሲደረስ መጠበቅ አያስፈልግም። አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮን በተለማመዱት መንገድ ማመጣጠን ጥሩ ልምምድ ነው።

ዕቃ ሲገጠም፦ የቢሲዲው ማሰሪያ ሲሊንደሩ ላይ ይጠብቃል፣ ኦሪንጓ (የጎማ ቀለበቷ) መኖሯና አለመሰንጠቋ ይታያል፣ ሬጉሌተሩ ይታሰራል፣ ቫልቩ በዝግታ ይከፈታል። ከዚያ የአየሩን ግፊት የሚያሳየውን ጌጅ እያዩ ከሬጉሌተሩ ደጋግሞ መሳብ። በሳቡ ቁጥር መርፌው ከወደቀ ቫልቩ በደንብ አልተከፈተም፤ ላይ ይሠራል፣ ታች ያንቃል። አየሩ መሽተት የለበትም።

የክብደት ስህተት ከሁሉም የተለመደ ነው። ከገንዳ ወደ ባሕር ሲገባ ከጠቅላላ ክብደት 2.5 በመቶ ያህል ይጨመራል፤ ሰው ከነዕቃው 90 ኪሎ ከሆነ 2 ኪሎ ከሩብ፣ ዌትሱቱ ሳይቆጠር። ልኩ የሚታወቀው ቢሲዲውን ባዶ አድርጎ፣ መካከለኛ ትንፋሽ ይዞ ውሃው ዓይን ላይ ሲደርስ፣ አየሩን ሲያወጡ ደግሞ ሲሰምጡ ነው። አሉሚኒየም ሲሊንደር መጨረሻ ላይ በ2 ኪሎ ያህል ይቀላል፣ ስለዚህ የሚለካው በ50 ባር ነው፣ ወይም በሙሉው ለክቶ 2 ኪሎ መጨመር ነው። አሠልጣኞች ጀማሪ እንዲረጋ ብለው የሚያበዙበት ጊዜ አለ። የበዛ ክብደት ቢሲዲውን ብዙ ያስነፋል፣ ብዙ አየር ያለበት ቢሲዲ ደግሞ ከፍ ባሉ ቁጥር ይሰፋና ወደ ላይ ይወስዳል። ግማሽ ኪሎ በግማሽ ኪሎ እንዲቀነስ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጣና ማዕበል እንጂ የሚወጣና የሚወርድ ውሃ የለውም። ዛንዚባር ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ ልዩነቱ ከ3 ሜትር ያልፋል። ጀልባዋ ጠዋት ዳር ላይ የነበረችበት ቦታ ከሰዓት አሸዋና ጃርት መሰል የባሕር እሾህ ይሆናል፣ ያለ ጫማ አይራመዱበትም። ለማዕበሉ የማቅለሽለሽ ክኒን የሚወስድ ሰው ከመነሳቱ አንድ ሰዓት በፊት ይውሰድ፤ እንቅልፍ የማያመጣውን ሐኪም ጠይቆ፣ እቤት ሞክሮት።

የኮርሱ ጥልቀት ወሰን 18 ሜትር ነው። ሲወጡ በደቂቃ ከ9 ሜትር አለመፍጠን፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ መቆም።

መመለሻ

ለደገኛ ከሁሉም የሚያሳስበው ክፍል ይኸው ነው። የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሆነው የዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ መመሪያ ከአንድ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ይላል። ለሌላ አገር ሰው በረራው ሲያልቅ ከፍታው ያልቃል። የአውሮፕላን ውስጠኛ ግፊት ግን ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው፤ ቦሌ ደግሞ ራሱ 2,300 ሜትርን ያልፋል። አዲስ አበባ ማረፍ ከአውሮፕላኑ አለመውረድ ማለት ነው። በመኪና ወደ ባሕር ዳር የሚቀጥል ሰው ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ከዚያም በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ ኮርሱ ካለቀ በኋላ 24 ሰዓት ሙሉ ባዶ ቀን ቲኬቱ ላይ ይያዝ፣ ከተቻለ ከዚያም በላይ። የመጨረሻውን ቀን በመጥለቅ መሙላት አይገባም።

ከተመለሱ በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ያልተለመደ ድካም ወይም ማዞር ከመጣ «ብርድ መታኝ» ብሎ ቅቤ መታሸት አይሆንም። ሆስፒታል ሄዶ መጥለቁን፣ ጥልቀቱንና ሰዓቱን መናገር፣ ንጹሕ ኦክስጅን በማስክ መጀመር፣ የኢንሹራንሱን የአደጋ ስልክ መደወል። የመጥለቅ መዝገቡ ወይም ኮምፒውተሩ አብሮ ይሂድ።

ማስኩ ጨው በሌለው ውሃ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ሲሊኮኑን ያበላሸዋል። የፌሮ መታጠቂያው ለሚቀጥሉት ተለማማጆች ተቀምጧል፤ ካላማዳሪያው የተቀደደባቸው ቁራጮች ግን ዝገታቸው ገንዳውን ስለሚያበላሽ እንደገና ይጠቀለላሉ።